የሰማያዊው ሳፋ ሽታ

ቄራ አካባቢ በነበረች አንዲት የፕላስቲክ ወርክሾፕ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሚያመጡት አሮጌ ጀሪካን እዚያ ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ቀልጦ ሳፋና ባልዲ ሆኖ ይወጣል። የእኔ ሥራ ማሽተት ነበር። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዬን አስጠጋለሁ፤ የምግብ ዘይት የነበረበትን ለብቻ፣ በረኪና የነበረበትን ለብቻ አደርጋለሁ። ናፍጣና የተባይ መድኃኒት የሸተተኝን ጨርሶ አስወጣለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። "ላዩን ብታጥቢው ምን ዋጋ አለው፣ ውስጡ ገብቷል" ይሉኝ ነበር።

አንድ ክረምት እትዬ ለቅሶ ሄደው ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ቀረሁ። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ምንም አይሸተኝም። የወርክሾፑ ባለቤት ሥራው እንዲፈጥን ይፈልግ ስለነበር አሞኛል ማለት ከበደኝ። ክዳን እየከፈትኩ፣ የማሸት እየመሰልኩ፣ ክምሩን በሙሉ አሳለፍኩት።

እትዬ ሲመለሱ ሰማያዊ ሳፋዎች ተሠርተው ተደርድረዋል። አንዱን አንስተው አሸተቱና ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"ማነው የለየው?"

"እኔ ነኝ።"

"የተባይ መድኃኒት አለበት።"

ለባለቤቱ ነገሩት። እሱ ግን "በዚያ እሳት ቀልጦ ምን ይቀራል ብለው ነው? ፀሐይ ይምታው፣ በቃ" አላቸው። ሁለት ቀን ደጅ ተሰጥቶ ዋለና ለየሱቁ ተከፋፈለ።

ያኔ ካዛንቺስ፣ ግቢ ተጋርተን ከምንኖር ጎረቤቶቼ አንዷ ወልዳ ነበር። ጉንፋኑ ሲለቀኝ ልጠይቃት ገባሁ። ሕፃኗን እያጠበቻት ነው፤ በሰማያዊ ሳፋ። ለብ ያለው ውሃ ሽታውን አንስቶታል። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ቆይቶ ጉሮሮ ይይዛል።

"ይሄ ሳፋ አይሸትሽም?" አልኳት።

ጎንበስ ብላ አሸተተች። "አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው ባክሽ።"

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን የራሴን የአሉሚኒየም ሳፋ አምጥቼ "ለልጅ ይሄ ይሻላል" ብዬ ቀየርኳት። መረቀችኝ። ሰማያዊውን ቤቴ ወስጄ በመጋዝ ቆራርጬ ጣልኩት። በሳምንቱ የሕፃኗ ጀርባ ሽፍ አለ። እናቷ ሙቀት ነው አለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሕፃኗን ጀርባ አራገብኩላት። ሽፍታው ድኗል። ከምን እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራውን ተውኩት። ሽታው ግን አልተወኝም። ሰው ቤት ስገባ እጅ ልታጠብ ብዬ ሳፋ አሸታለሁ። አንዳንዴ ሳፋ በሌለበት ቤትም ይሸተኛል።

ኋላ ሰፈራችን ፈረሰ። እኔ ወሎ ሰፈር ተከራየሁ፣ እሷ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባች። ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄድኩ። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ምሳዋን በልታ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ሁለታችን ስንቀር ሁሉንም ነገርኳት።

የልጅቷን ሳህን ከጠረጴዛው አነሳች። "ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩ።"

"ማፈር..." አለችና ተወችው። ሳህኑን እንደያዘች፣ "ሁለት ነበር የገዛሁት። አንዱን ለእህቴ ሰጥቻታለሁ። ሊጥ ነው የምታቦካበት" አለች።

ስልኳን አንስታ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ያ ሰማያዊ ሳፋ አለ እንዴ?"

"የቱ? እሱማ ባለፈው ክረምት ተሰነጠቀ" አለች እህቷ። "ለቆራሌው ሰጠሁት።"