ለእንግዳ የለበሰው ክንፍ

ባለፈው ቅዳሜ ሁዲንጌ ጣቢያ ፔንደል የሚሉትን የከተማ ባቡር ስጠብቅ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በላዬ አለፈች። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ እኔ አንጋጥጬ ክንፏን ፈተሽኩ። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው! ስቶክሆልም ካለነው አበሾች፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ።

እርግጥ አልበረረችም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከጓደኛዬ ከተስፋዬ ጋር ፊቲያ ሰፈር ጋራዥ ተከራይተን፣ ተቆራርጣ በሳጥን የመጣች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ ሣር ላይ የምታርፈዋን ዓይነት፣ ሁለት ዓመት ገጣጠምን። እኔ ማኑዋሉን በሥዕሉ ብቻ እያነበብኩ ሠራሁ፤ ተስፋዬ የበረራ ፈቃድ አወጣ። መጀመሪያ የሚያበራት እሱ ነው።

ደንቡ፣ ክንፉ ጨርቅ ሳይለብስ የበረራ ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ መጥቶ ውስጡን ይይ የሚል ነው። እኛ ግን እሱ ለሚመጣበት ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተው እንዲጸልዩልን ጠርተናል። እንግዳ ፊት አጥንቷ የገጠጠ አውሮፕላን? ነውር ነው አልን። ውስጡን ፎቶ አነሳንና አርብ ዕለት ብቻዬን ማልበስ ጀመርኩ። ስጣደፍ ከበርጩማው ተንሸራተትኩ፤ ጉልበቴ ክንፉን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘውን ዋናውን እንጨት መታው። ቋ! አለ። ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ጨርቁን ወጠርኩበት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ የግንቦት ፀሐይ ወጥታ ጋራዡ በር ላይ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ሽማግሌያችን ጋሽ ወልዴ ክንፉ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ልክ ስንጥቁ ላይ። 

ተቆጣጣሪው ሽፋኑን ሲያይ ፊቱን አኮማተረ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ፣ "ከዚህ በኋላ የተነካ ነገር አለ?" አለ።

"እሱ ከሠራው አለቀ!" አለው ተስፋዬ። ወደ እኔ ዞሮም፣ "ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጥባት" አለኝ በአማርኛ።

"አንተ ዓይንህን ከጨፈንክማ ፊንላንድ ነው የምንለቅምህ!" አልኩት። ሁሉም ሳቀ። 

"ጌታ ይጠብቅህ ልጄ" አሉት ጋሽ ወልዴ።

ተቆጣጣሪው ሊፈርም እስክሪብቶውን አወጣ። እኔ መቁረጫውን አነሳሁና ጨርቁን ከጫፍ ጫፍ ቀደድኩት።

"አብደሃል እንዴ?!" ተስፋዬ እጄን ያዘ።

"ትናንት ሰበርኩት፣ ተስፍሽ። ለጥፌው ነው።"

ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው። "ዝም ብለህ ልታስበርረኝ ነበር?"

  ተስፋዬ የጋራዡን ቁልፍ እግሬ ሥር ጥሎ ወጣ። እንጨቱን ልለውጥ ብቻዬን ስታገል ከረምኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ አውሮፕላኗን ፈታትቼ ጋራዡን አስረከብኩ።

ተስፋዬ አሁን አካላ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። በቀደም ልጁን ሲድር ሳህኔን ይዤ ጥግ ቆምኩና የሙሽራዋን ቬሎ ጎንበስ ብሎ ሲያስተካክል አየሁት። ሸብቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱን አዞረ።

ያኩርፈኝ። በሕይወት ኖሮ ሰማንያ ዓመት እስኪሞላው ያኩርፈኝ።