ገብቶ የማይወጣ አየር

ከቡልኮው ሥር ሆኜ አየር ሳብኩ፤ ገባ። ላስወጣው ብል እምቢ አለኝ። ሌላ ልጨምርበት ብል ቦታ የለም፤ ደረቴ እንደ ተነፋ አቁማዳ ተወጥሯል።

ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ጓሮ ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እኛ ወሎዎች ቦለቅያ የምንለው እንጨት አለ። በትንሽ ጉድጓድ ይጨስና ሴቷ በላዩ ተቀምጣ፣ ቡልኮ ተከናንባ ትሞቀዋለች። ለሙሽራም፣ ለአራስም፣ ወገቧን ለሚያማትም እሱ ነው። እኔም ሦስት ክረምት ያልለቀቀኝን ሳል ብርድ ነው ብዬ፣ በየሳምንቱ ጢስ እሞቅ ነበር። ጢስ ሲሞቅ ጭንቅላት ውጭ ይቀራል። የዚያን ዕለት ግን ጎረቤቴ፣ «እቴ፣ ብርዱ ደረትሽ ገብቷል፤ ጭንቅላትሽንም ሸፍኚና ይንቀለው» አለችኝ። ሸፈንኩት።

ልጄን ልጠራ አልኩ፤ ድምፅ ከየት ይምጣ! አጠገቤ የነበረውን የውሃ ጣሳ በእግሬ ገፋሁት። የጣሳው ኳኳታ ነው ያተረፈኝ። ልጄ ሮጣ መጥታ ቡልኮውን ስትገፈው ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር።

«እማ! እማ፣ ተንፍሺ!»

መተንፈሱ ቢገኝ! ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ዓይኗን ሳይ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ አባቷን ቀብራለች፣ እኔን ደግሞ ዛሬ ልትቀብረኝ ነው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። እዚያ አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭምብል ደፉብኝ፤ ከውስጡ ነጭ ነገር ይትጎለጎላል። ደሞ ጢስ! ገፍቼ ጣልኩት። ነርሷ መልሳ ደፋችብኝና፣ «ጢስ አይደለም እናቴ፣ በጉም መልክ የሚሳብ መድኃኒት ነው» አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ፈታ አለ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የቻልኩት፤ ለልቅሶም ለካ ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ለምርመራ ደሴ ላኩኝ። ከሚኒባሱ መውረጃ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለችው ዳገት አጭር ናት። ሰባት ጊዜ ቆምኩባት፤ ሁለቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ አልፈውኝ ሲሄዱ ዞር ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ እንዲህ የምትረግጪ?» አሉኝ። ልጄ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የፈራሁት ቲቢ ነበር፤ አክታዬ ተመረመረና አይደለም ተባለ። ቀጥሎ ሐኪሙ ቱቦ ያለው መሣሪያ አስያዘኝ።

«በሙሉ ኃይልዎ ይንፉ፣ እናቴ።»

እኔ የሰርግ ወጥ ሠሪ ነኝ። ሃያ ዓመት በየዳሱ እርጥብ እንጨት እፍ ብዬ ያነደድኩ ሴት፣ ቱቦ ያቅተኛል? ነፋሁ።

«ይጨምሩ፣ ይጨምሩ፣ አያቁሙ!»

«ነፋሁ እኮ!»

ሦስቴ አስነፋኝና ወረቀቱን አየ። በሽታው ሳንባን ቀስ በቀስ የሚዘጋ ነው፣ ከሲጋራ ወይም ከጢስ ይመጣል አለኝ።

«ወላሂ፣ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም!»

«የእርስዎ ሲጋራ ምድጃው ነው፤ ቦለቅያውም ጨምሮበታል» አለ። ሳንባ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው አለኝ። ጢሱ ቅርንጫፎቹን ሲያቆስል ግድግዳቸው ይወፍራል፣ አክታ ይሞላቸዋል፣ መንገዱ ይጠባል። ጫፋቸው ላይ ያሉት ትናንሽ የአየር ከረጢቶች ደግሞ አየር ሲገባ ተነፍተው ሲወጣ የሚሰበሰቡ ናቸው፤ ጢስ ሲበላቸው ግን ይላላሉ፣ ይፈርሳሉ።

«ላስቲኩ እንደላላ ጉርድ ቀሚስ?» አልኩት።

«ልክ እንደሱ! ስለማይሰበሰብ አሮጌው አየር ውስጥ ይቀራል፤ ለአዲሱ ቦታ ያጣሉ።»

«ላስቲክማ ይቀየራል። ይኼስ?»

«የፈረሰውን መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት ዛሬ የለንም። የሚደክሙበት ተመራማሪዎች ግን አሉ። እስኪሳካላቸው የቀረዎትን እንጠብቃለን፤ የቀረዎት ደግሞ ቀላል አይደለም። አብሽሩ፣ አይዞዎት እናቴ» አለኝ።

የሚሳበው መድኃኒት፣ ሰው ፓምፕ የሚለው፣ የጠበበውን መንገድ ይከፍታል። ለእጄ አልታዘዝ ሲለኝ የሆስፒታሉ ነርስ የውሃ ፕላስቲክ ቂጥ ቀድዳ ገጠመችበት፤ መድኃኒቱን እሱ ውስጥ ረጭቼ በአፉ ረጋ ብዬ እስበዋለሁ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ደግሞ በአፍንጫዬ ስቤ፣ ከንፈሬን አሹዬ በቀስታ እንዳወጣ አስተማረችኝ። እሳት እፍ እንደሚባለው፣ ግን ሳይቸኩሉ። ይኼን ማን ያስተምረኛል!

ጎረቤቴ ፓምፑን ስታይ፣ «ይኼን ከለመድሽው አለቀልሽ» አለችኝ። ፈርቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ሲብስብኝ ብቻ ነበር የማወጣው። ልጄ አግኝታው ጠረጴዛ ላይ ዷ አደረገችው።

«ጠዋትና ማታ አላለሽም ሐኪሙ? ጢሱን ስትለምጂ ማንም አለቀልሽ አላለሽም!»

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላስታጎልኩም። የቦለቅያውን ጉድጓድ በአፈር ደፈንኩት። ጎረቤቴ መጥታ አየችውና እሷም ሳል እንዳላት ነገረችኝ። እሷንም ወስጄ አስመረመርኳት።

ሰርግ ቤት አሁንም እጠራለሁ። ከእሳቱ ርቄ፣ ነፋሱ ጢሱን ወደማያመጣበት ወንበር አስጠግቼ፣ ሽንኩርቱ ሲበቃ ከሽታው አውቄ አዛለሁ። «ወጥ ሠሪያችን አለቃ ሆነችብን!» ይሉኛል። ይበሉ።

በዓመቱ ለቀጠሮ ደሴ ወጣን። ዳገቷ እዚያው ናት። ከንፈሬን አሹዬ፣ ሳልቸኩል ያዝኳት። ሁለቴ ቆምኩ፤ አልተቀመጥኩም። ውስጥ ገብቼ ቱቦውን ነፋሁ። ሐኪሙ የአምናውንና የዘንድሮውን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ «ትንፋሽዎ አልወረደም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል» አለኝ።

ልጄ በር ላይ ጥፍሯን እየበላች ትጠብቀኛለች። ዓይኗ የዚያን ዕለቱን ዓይን መሰለኝ።

«ምን አለሽ፣ እማ?»

«አልሐምዱሊላህ። በሽታው አብሮኝ ይኖራል፤ አደጋው ግን አልፏል። ደህና ነኝ፣ ልጄ።»