ካምቢዮውን ያነቀው አበባ

ባለቤቴ ሰይድ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የሚያስቀኝ ይኼ ነው። ሳጃና በሚባል ሰፈር ጋራዥ ነበረው። ሊያገባ የተቃረበ አንድ ደንበኛው ፈጣን መኪናውን አምጥቶ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው በሙቀት ግሎ በሠርጉ ቀን እንዳያዋርደው ለመነው። ሰይድም የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር ከፊት ገጠመለት። በዕለቱ ያጌጠችውን መኪና ይዘን እኛው ልናደርስለት ወደ ኦምዱርማን ሄድን።

ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ በመኪና ብዛት ስንዳክር የዘይቱ ሙቀት ናረ። ሰይድ ወርዶ ሲያይ፣ የሙሽራው እህቶች አበባውን ራዲያተሩ ላይ አስረው ነፋስ ከልክለውታል። ፈትቶ ጭኔ ላይ ቆለለው።

«እንዳይጨፈለቅ እቀፊው!»

ከጎናችን ካለው አውቶቡስ ሴቶች «መብሩክ!» ብለው መልካም ጋብቻ ተመኝተውልን እልልታውን አቀለጡት።

«አንተ፣ ሙሽራ መሰልኳቸው እኮ!» አልኩት።

«ፈገግ በይላቸው፤ ዘይቱ እየቀዘቀዘልን ነው።»

ሙሽራው ቤት ስንደርስ፣ ሙሽሪትን አይተዋት የማያውቁት ሴት አያቱ የመኪናውን በር ከፍተው አቀፉኝ፤ ሽቶ ረጩብኝ። ሙሽራው አያቱን እየጠራ ሮጦ መጣ።

«ሐቦባ፣ እሷ የመካኒኩ ሚስት ናት!»

አሮጊቷ እጄን ሳይለቁ፣ «ታዲያ ምን ይሁን? እኔ ወድጃታለሁ፤ ያቺኛዋም ትምጣ» አሉት።