ለእትዬ አፍንጫ ማን ይንገር?

ጋሽ ሜትር አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁን ከዘጋ ስድስት ዓመት ቢያልፍም መለኪያ ሜትሩ ዛሬም ከአንገቱ አይወርድም፤ ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። በሥራ ዘመኑ ቁጥርን በልብ መያዝ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። በሩ ክፍት፣ መንገዱ በሰው የተሞላ፣ እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሆድ፣ መቶ አስራ ሁለት!» ይላል። ደንበኛው ደንግጦ ሆዱን ሲስብ ደግሞ «ተወው፣ አትልፋ፤ ሱሪውን የምትለብሰው እየተነፈስክ ነው» ይለዋል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በዚህ ተቀይሞ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈገው። በሦስተኛው ዓመት ሆዱ መቶ ሃያ ደርሶ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ እውነት ለመናገር ማንንም ፈርቶ የማያውቀው ይህ ሰው ነው ዘንድሮ በግማሽ ኪሎ ቅቤ ምክንያት አፉ የተለጎመው።

ቅቤው የእትዬ አፍንጫ ነው። እትዬ አፍንጫ ከጋሽ ሜትር ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለችው ባለሱቅ ናት። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት፤ በግራ ሩዝ፣ ምስርና ዱቄት፣ በቀኝ ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት፣ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል። የሱቁ ሕግ አንድ ብቻ ነው። የሚበላ ነገር በእሷ አፍንጫ ሳያልፍ ባንኮኒውን አይሻገርም። ቅቤውን ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ ወይ «ይሄዳል» ትላለች፣ ወይ ጥቅሉን ባንኮኒው ሥር ወዳለው ባልዲ ትወረውረዋለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እሷ «ይሄዳል» ያለችው ነገር የማንንም ሆድ አሞ አያውቅም። አከፋፋዮች በሯ ላይ ሲደርሱ ፈተና እንደሚገባ ተማሪ ላብ ያጠምቃቸዋል። ቅጽል ስሟን ፊት ለፊት ነው የሚጠሯት፤ እሷም እንደ ሹመት ትቀበለዋለች።

ከመንገዱ ማዶ ትልቁ ሱፐርማርኬት ሲከፈት ከሁሉ ቀድሞ ጦርነት ያወጀው ጋሽ ሜትር ነበር። ምክንያት አለው። የእሱን ሱቅ የገደለው ፊት ለፊቱ የተከፈተ የተሰፋ ልብስ የሚሸጥ መደብር ነው፤ እሱ እንደሚለው ማለት ነው። ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ስለማለ ወደዚያ መስኮት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላየም። ደንበኞቹ ግን አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ጠፉ። በዚያ ላይ ዓለም ተባብሮ አድሞበት ነበር፤ የአምፖል ፋብሪካዎች ብርሃን መሰሰት ጀመሩ፣ የመርፌ ፋብሪካዎችም ቀዳዳውን አጠበቡት። በየሳምንቱ አምፖል ይቀይራል፣ አምፖል ሻጩን ይሰድባል፣ ክር ለማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

በዚያ ክፉ ጊዜ ያልከዳችው እትዬ አፍንጫ ብቻ ነበረች። በየወሩ አንድ ሽርጥ ታዘዋለች። አንዲት ባለሱቅ በየወሩ አዲስ ሽርጥ ምን ይሠራላታል? ያውቃል እንጂ፤ የስፌት መኪናው እንዳይዝግ፣ እሱም ቤት እንዳይውል ብላ ነው። ይህን ሲያስብ ዛሬም ሆዱ ይባባል።

ስለዚህ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሲሰብክ ይውላል። «እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲማቲሙ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደ በሽተኛ ተኝቷል። ከየት መጣ? ማን አሸተተው? ማን ያውቀዋል? ጋሪያቸውን አይታችኋል? ሦስቱ ጎማ ወደ ሩዙ ሲሄድ አራተኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል!» ፀጉር ቆራጩ ይስቃል፤ የሚላጩትም በሳሙና አረፋቸው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁሉም «እውነት ነው ጋሼ» ይላል። ሁሉም ደግሞ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ሱፐርማርኬት ይገባል። ይህችን ጋሽ ሜትር አያውቃትም ነበር።

የዘንድሮው ጣጣ የጀመረው በጉንፋን ነው። እትዬ አፍንጫ ሦስት ሳምንት ተኝታ ተነሳች፤ ተመልሳም እንደ ቀድሞው እየከፈተች፣ ዓይኗን እየጨፈነች «ይሄዳል» ማለቷን ቀጠለች። አንድ ነገር ብቻ ያማርራታል። «የዘንድሮ ቅቤ ምን ነክቶታል? ሽታ የለውም። ሳሙናው ሽታ የለው፣ አይቡ ሽታ የለው፤ ሁሉን ነገር ውሃ ውሃ አደረጉት» ትላለች። ጋሽ ሜትር ያንን ቅቤ ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ጥቅሉን ከፈተች፤ ቀጥላ መስኮቱን ከፈተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው ያመጣህብኝ?»

«ቅቤ ነዋ። እሷ ይሄዳል ብላለች።»

«አዎ፣ ይሄዳል! በራሱ እግር!»

ቅቤው ተደፋ። በሚቀጥለው ሳምንት አይቡ ተደፋ፤ ከዚያም ዱቄቱ። ጋሽ ሜትር ግን አላቆመም። ይገዛል፣ ያመሰግናል፣ ጓሮ ዞሮ ይደፋል። የጎረቤት ውሻ መጀመሪያ ጅራቱን እየቆላ ይከተለው ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን ሲያየው መንገድ ይቀይር ጀመር። ሚስቱም በቃኝ አለች።

«ወይ ንገራት፣ ወይ ከማዶ ግዛ። እኔ ለአንተ ወዳጅነት ስል ሆዴን አልታመምም።»

ለመንገር ሞክሯል። ሁለት ሦስት ጊዜ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጓል። ግን እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ በዚያ በአሮጌ ኩራቷ በርቶ ሲያያት ክብሪት ገዝቶ ይወጣል። ቤቱ አሁን የልጅ ልጆቹም ጭረው የማይጨርሱት ክብሪት አለ።

በመጨረሻ አንድ ሰኞ ጠዋት ታላቁ ሰባኪ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ሜትሩን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ፣ ሁለት መንገድ ዞሮ በኋላ በር ሱፐርማርኬት ገባ። ጋሪው ሲጥ ሲጥ እያለ አጋለጠው። የቅቤው ማቀዝቀዣ ጋ ሲደርስ ከሩዝ ከረጢቶቹ ክምር ኋላ አንድ ራስ ብቅ ብሎ ጥልቅ አለ። ጋሽ ሜትር ሩቅ በማየት አይታማም፤ ፀጉር ቆራጩ ነበር።

«መድኃኒት ልገዛ ነው የገባሁት ጋሼ» አለ ሳይጠየቅ።

«እዚህ መድኃኒት አይሸጥም።»

«ለዚህ ነዋ ያላገኘሁት።»

ሁለቱም እጅ ከፍንጅ ስለተያዙ የሚሰዳደቡበት አፍ አልነበራቸውም። ፀጉር ቆራጩ ተጠግቶ ሹክ አለው። ከጉንፋኑ ወዲህ የእትዬ አፍንጫ አፍንጫ እንደማይሠራ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማን ይነግራታል? የሠላሳ ዓመት ክብሯን በአንድ ቃል የሚያፈርስ ደፋር ከየት ይምጣ?

«ሌላውንስ ሰምተዋል ጋሼ? ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን ለአከራይዋ ልትመልስ ነው። ሱፐርማርኬቱ አሸነፈኝ ብላ እህቷ ጋ ልትገባ ነው። እንግዲህ አፉ የማያርፈው እርስዎ ነዎት፤ ይንገሯት።»

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ጋሽ ሜትር ጋሪውን እዚያው ጥሎ ወጣ። የእሱ ሱቅ በር ላይ ቆርቆሮ ሲመታበት የሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮው አልወጣም፤ የእሷ በር ላይ ደግሞ ሲመታ ቆሞ መስማት አይችልም። ኮፍያውን እያስተካከለ መንገዱን ተሻገረ።

ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። እትዬ አፍንጫ ሽርጧን አገልድማ ሻማና ሳሙና ካርቶን ውስጥ እየደረደረች ነበር።

«ግማሽ ኪሎ ቅቤ» አለ።

ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳበች። «ይሄዳል።»

«አይሄድም» አለ ጋሽ ሜትር።

ዓይኗን ገለጠች። እዚህ ባንኮኒ ላይ ይህን ቃል ከእሷ በቀር ማንም ተናግሮት አያውቅም። «ምን አሉ ጋሼ?»

ከዚህ በኋላ በሚያውቀው መንገድ ሄደ፤ ሌላ አያውቅማ። ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደ ሆድ ልክ ጮክ አድርጎ ጠራው። «ቅቤ፣ ሞቷል! አይብ፣ ሞቷል! ዱቄት፣ ሻግቷል! አፍንጫሽ ከጉንፋኑ ጋር ሄዶ ቀርቷል እህቴ። ሰዉ ከአንቺ የሸሸው ሱፐርማርኬት ወዶ አይደለም። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ከአንቺ የገዛሁትን ጓሮ ስደፋ ነበር።» ኮፍያውን አወለቀ። «ውሻው እንኳ አኩርፎኛል።»

እትዬ አፍንጫ ሳሙና አንስታ አሸተተች። ክብሪት ጭራ አጠፋችና ጭሱን ሳበች። ሽንኩርት በቢላ ሰንጥቃ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። ዓይኗ አለቀሰ፣ አፍንጫዋ ግን ወሬም አልሰማ። እንባው የሽንኩርቱ ብቻ እንዳልሆነ ጋሽ ሜትር ገባው። ምነው ምላሴን በቆረጠው ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«የት ነው የሚሄዱት? ይቀመጡ!» አለችው።

ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ ካርቶን እየጎተተች ወጣች። እሱ የሰፋቸው ሽርጦች ነበሩ። አንዱን ጭኑ ላይ ዘርግታ፣ እጁን ይዛ ኪሱ ላይ አስቀመጠችለት። ሊያየው ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ ደበዘዘበት፤ በጣቱ ዳበሰው። የኪሱ አፍ ወደ ታች ነው። ሁለተኛውን ሰጠችው፤ ኪሱ በውስጥ በኩል ተሰፍቷል። የሦስተኛው ጠርዝ እንደ ሰካራም ሲወላገድ ይሄዳል።

«አምፖሉ አልነበረም ጋሼ» አለች። «ዓይንዎ ነበር። ለዚያ አስተማሪ የሰፉለት ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ነበረው። ሰዉ ፊትዎ ላይ መናገር ፈርቶ አንድ በአንድ ሄደ። እኔም ፈራሁ። በየወሩ ሽርጥ ሳዝዎ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። ያኔ መነጽር ያድርጉ ብዬዎት ቢሆን ኖሮ...»

«ያ መደብርስ?» አለ ጋሽ ሜትር ድምፁ ቀጥኖ።

«ያ መደብር አፍንጫውን ይላስ! የሚሸጠው የሕፃን ልብስ ብቻ ነበር።»

ስድስት ዓመት አዝሎት የኖረው ጠላት ባንዴ ከጀርባው ወረደና የሚያደርገው ጠፋው። መጀመሪያ ተናደደባት። ቀጥሎ አፈረ። ቀጥሎ የአስተማሪው ሁለት የግራ እጅጌ ትዝ አለውና ሳቁ መጣ፤ እሷም ሽንኩርቷን እንደያዘች ሳቀች፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

«ቁልፉን እንዳትመልሺ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አንቺ አፍንጫ የለሽም። እኔ አለኝ።»

«እርስዎ ደግሞ ዓይን የለዎትም።»

«ቅቤ ለማሽተት ዓይን ምን ይሠራልኛል? አንቺም ጨፍነሽ ነው የምታሸቺው።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊት ሄዶ እንደ ተለኪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄን ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሳትዋሺ ንገሪኝ፤ እግሮቼ እኩል ናቸው?»

ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «እግሮችህ እኩል ናቸው። ሱሪው ነው ያልሆነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰፋኸው ጀምሮ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኜ ስንገላወድ ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

«አንተስ» አለች ሚስቱ «ሁለት ወር ሙሉ ስንት ክብሪት ገዛህ?»

በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ሱሪ ለብሶ ሄደ፤ ሰዉ ለምዶታል። መነጽር የሚለካበትን ቀን ሚስቱ አስይዛለታለች። እትዬ አፍንጫ ከባንኮኒው አጠገብ በርጩማ አዘጋጅታለት ነበር። የድሮውን ቅቤ፣ አይብና ዱቄት አንድም ሳያስቀሩ ደፉት፤ አዲስ መጣ። የመጀመሪያው ደንበኛ ፀጉር ቆራጩ ነበር፤ መሬት መሬት እያየ ግማሽ ኪሎ ቅቤ አለ። እትዬ አፍንጫ ጥቅሉን ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደ ልማዷም ወደ ፊቷ አስጠጋችው። እዚያው ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ቅቤውን ወደ ጋሽ ሜትር አዞረችው።

እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ፀጉር ቆራጩ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«ይሄዳል» አለ፤ እሷም አምናው ጠቀለለችው።