ለካሜራ የተከፈተ ቧንቧ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ሽንት፣ እርጥብ ፍራሽና ከምሳ የተረፈ ምስር ወጥ አንድ ላይ። ቀጥሎ ጥግ ላይ ያለችውን ቧንቧ አየኋት፤ አዲስ ናት፣ ታብለጨልጫለች። ሙያዬ ነውና ሳላስበው ሄጄ ከፈትኳት። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «እሷ ለጌጥ ናት» አለችኝ ካቦዋ፤ የክፍሉ አለቃ ማለት ናት። ለጌጥ መሆኗን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የታሰርኩትም በዚሁ ነው።

የውሃ አቅርቦት እቅድ ባለሙያ ነበርኩ። ከአያት እስከ ቡልቡላ ምን ያህል ሰው እንደሚሰፍር መገመት፣ ለዚያ ሰው ውሃው ከየት እንደሚመጣና በየት በኩል እንደሚሄድ ማቀድ ነው ሥራዬ። መሥሪያ ቤታችን «በየት በኩል» የሚለው ላይ ጎበዝ ነበር፤ «ከየት» የሚለው ላይ ግን ሰነፍ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚታየው ጭቃ ነው፤ የቧንቧ መስመር ሲያልቅ ግን ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ስለዚህ አለቆቻችን ሪባኑን ለዘንድሮ፣ ጉድጓዱን ለከርሞ ያደርጉታል። ቧንቧ በደጁ ያለፈ ሰው ሁሉ ደግሞ በሪፖርት ላይ «የውሃ ተጠቃሚ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ራሴ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሜ የምወጣ የውሃ ተጠቃሚ ነበርኩ።

አዲሱ የምሥራቅ መስመር ሊመረቅ በተቃረበበት ሰሞን በሰፈራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። መድረኩ ላይ አለቃዬ ተቀምጧል፤ የእቅድ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታ አላባክንበትም። አንድ አባት ተነሥተው ውሃው መቼ እንደሚመጣ ጠየቁት። እሱ ስለ ራእይና ስለ ዘላቂ ልማት ብዙ አወራ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ታግሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ የዚሁ ሰፈር ሰው ነሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪን።»

«መስመሩ አልቋል» አልኩ። «ጉድጓዶቹ ግን አልተቆፈሩም። ቧንቧው ውስጥ ውሃ የለም።»

በማግሥቱ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርሳት ስወጣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። ወንጀሌ ሕዝብን ማነሣሣት ነው አሉኝ። ልጄን ለእህቴ አስረክቤ መኪናቸው ውስጥ ገባሁ። አንደኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ አጠገቧ ካልተጋደምኩ እንቅልፍ አይወስዳትም።

እስር ቤት ውስጥ አጠገቤ የሚተኙት አንዲት እናት ነበሩ። ገርጂ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው። ሁላችንም አደይ፣ በትግርኛቸው እናቴ፣ እንላቸው ነበር። ስለ መታሰራቸው ሲያማርሩ አልሰማሁም። የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይታጠቡ መጸለይ። ለክፍሉ የሚሰጠን ውሃ ለመጠጥም አይበቃም ነበር። ጠዋት ጠዋት በጣታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ነካ ነካ አድርገው፣ እንዳፈሩ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግቢው ውስጥ የከባድ መኪና ድምፅ ሰማን። አደይ በመስኮቱ ፍርግርግ አጮልቀው አዩ።

«የውሃ ቦቴ ነው። ለእኛ ይሆን፣ ጓለይ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ለእኛ አልነበረም። ቦቴው ጣሪያው ላይ ያለውን ጥቁር ሮቶ መሙላት ሲጀምር አንዲት ሴት ፖሊስ መጥታ ጠራችኝ። ግቢው መሐል ባለችው ቧንቧ አጠገብ አለቃዬ ከአንድ ካሜራማን ጋር ቆሟል። ሱፍ ለብሷል፣ ሽቶው ከሩቅ ይጣራል።

«ውይ፣ ከስተሻል እኮ!» አለኝ፤ ታምሜ ሊጠይቀኝ የመጣ ይመስል።

እኔ ቦቴውን አየሁት።

«ነገሩ ቀላል ነው። ይሄ ፖሊስ ጣቢያ አዲሱ መስመር ላይ ነው ያለው። ቧንቧውን ትከፍቻለሽ፤ ጎንጨት ትያለሽ፤ ከዚያ ‹ስብሰባው ላይ የተናገርኩት ስህተት ነው፣ ውሃው ደርሷል› ትያለሽ። በቃ። ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ነሽ።»

«ውሃው የቦቴ ነው እኮ።»

«ቦቴው ካሜራ ውስጥ አይገባም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅሽን አስቢ እንጂ። እህትሽ ቢሮ ድረስ መጥታ ስታለቅስ ነው የዋለችው።»

ልጄ ማታ ማታ ማንን አቅፋ እንደምትተኛ አሰብኩ። ልለው ወሰንኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተናግሬ ልሂድ አልኩ።

ካሜራማኑ «ዝግጁ» አለ። ቧንቧዋን ከፈትኳት። መጀመሪያ አየር ተፋች፣ አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ቀዝቃዛ ነበር። እጄ ላይ ሲፈስ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ገባኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስል አለቃዬን ከካሜራው ኋላ አየሁት፤ የምለውን እንዳልረሳ በከንፈሩ ያስጠናኛል፤ መዋዕለ ሕፃናት መዝሙር እንደሚያስጠኑት። ያን አፍ ሳየው ናቅሁት። እስከዚያች ደቂቃ እፈራው ነበር። ምኑን እፈራ እንደነበር ግራ ገባኝ።

ፊቴን ወደ ክፍሎቹ አዙሬ፣ ሰፈር ውስጥ እንደምንጮኸው ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ።

«ውሃ መጣ!»

በእኛ ከተማ ይህን ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። በፈረቃ የምትመጣ ውሃ መቼ እንደምትሄድ አይታወቅምና የሰማ ሁሉ ያገኘውን ዕቃ አንሥቶ ይሮጣል፤ ማሰብ ከዚያ በኋላ ነው። ቀድማ የደረሰችው ያመጣችኝ ፖሊስ ናት። ከጠረጴዛዋ ሥር ሁለት ቢጫ ጀሪካን መዥርጣ ስትሮጥ የክፍላችንን በር መቆለፏን እንኳ ማየት ረስታለች። ሻይ ቤት ያለችው ሴት ድስቷን ይዛ መጣች። ቃል ተቀባዩ ፖሊስ ባልዲ ይዞ ተከተላት። ከዚያ የእኛ ሴቶች ባዶ ሃይላንዶቻቸውን አቅፈው ጎረፉ፤ ከኋላ አደይ የምሳ ሳህናቸውን ይዘው። ቦቴው ስለገባ የግቢው በር ክፍት ነበር። ወደዚያ ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

የጣቢያው ኃላፊ ኮማንደር ፎቁ ላይ ወጥቶ «ተመለሱ! ሥርዓት ያዙ!» እያለ ጮኸ። ከታች አንዱ «እያለቀ ነው!» ሲል ሰማና ድምፁ ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ! የኔንም ጀሪካን ሙሉልኝ!» እሱም ለካ አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር የውሃ ተጠቃሚ ነው።

አለቃዬ «አጥፋው! ካሜራውን አጥፋው!» እያለ ወደ ካሜራማኑ ዞረ። ካሜራማኑ ካሜራውን ትከሻው ላይ እንደያዘ በሌላው እጁ ሃይላንድ ይሞላ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሮጠው አለቃዬ ብቻ ነው። ቦሌ ያለው ቪላው የራሱ ጉድጓድ አለው።

ጫማው ረጥቦ፣ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ መጣ። «በገዛ እጅሽ ነው! ልትወጪ ነበር እኮ! ከእንግዲህ ማን እንደሚያስፈታሽ አያለሁ።»

«ሁሉም ሮጠ፣ እርስዎ ብቻ ቆመዋል» አልኩት። «ውሃው ማን ቤት እንደደረሰ አየን እኮ።»

ሮቶው ባዶ ሲሆን ሁሉም ነቃ። ፖሊሷ ጀሪካኖቿን በጥንቃቄ ከድና፣ ከዚያ ተቆጥታ ወደ ክፍላችን ነዳችን። በሩ ሲቆለፍ ልጄን አስታወስኳትና አለቀስኩ። ኩራት የሚባል ነገር አልተሰማኝም፤ ቤቴ ነበር ያማረኝ። አደይ ከሳህናቸው ላይ እየጨለፉ ፊታቸውንና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ለእኔ ያስቀሩልኝን ይዘው መጡ። «ነይ፣ ላስታጥብሽ» አሉኝ። እናት ለልጇ እንደምታደርገው እያንቆረቆሩ አስታጠቡኝ። ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው ዞረው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፤ ያን ዕለት አላፈሩም።

የተፈታሁት ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ለምን እንደታሰርኩ ያስረዳኝ እንደሌለ ሁሉ ለምን እንደተለቀቅኩም የነገረኝ የለም። አደይ እዚያው ቀሩ። በኋላ መፈታታቸውን ሰማሁ፤ ሱቃቸው ግን ሌላ ሰው ይዞታል።

መስመሩ በሰልፍ ሙዚቃ ተመረቀ። አለቃዬ አድጓል፤ አሁን የሚያቅደው ከአንድ ከተማ በላይ ነው፤ ከተሞቹን እግዜር ይሁናቸው። በቴሌቪዥን ሲመጣ ድምፁን እዘጋዋለሁ። ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ ማየት ለእኔ በቂ ነው። እኔ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ለሕንፃዎች የቧንቧ ንድፍ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ስለ ከተማው ውሃ አይጠይቁኝም፤ የሚጠይቁኝ ግቢያቸው ውስጥ የት ቢቆፍሩ እንደሚሻል ነው።

በቀደም ልጄ የቤት ሥራዋን አቁማ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ያኔ የፈለጉትን ብትያቸው ኖሮ ያን ቀን ትመጪልኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«ውሃ ስላልነበረ ነዋ።»

ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አየቻቸው።

«አሁንም እኮ የለም» አለችኝ።

«የለም» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ያን ሁሉ ሌሊት ያለ እኔ ያስተኛኋት ይህን እያየኋት መናገር እንድችል ነው።