እናቴ ራሷን ስትኮንን

እርጥብ የበግ ፀጉር ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ ደብረ ብርሃን ያደግኩበት ቤት ይመጣብኛል፤ የታጠበው የሱፍ ብርድ ልብሳችን፣ ጥቁሩ ባና፣ እሳቱ አጠገብ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ እናቴም ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች።

እናቴ የአረርቲ ልጅ ነበረች፤ አባቴ ፋብሪካ ሲቀጠር ተከትላው ስለመጣች የእኛ አገር ብርድ ጨርሶ አልገባትም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ክርስትና የተነሳው በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ማለዳ ነው። ጎረቤታችን እማማ አስካለ «አንቺ ልጅ፣ ባናውን ደርቢበት እንጂ፣ ይሄ እኮ አረርቲ አይደለም!» ቢሏትም፣ ጥቁር ነገር ለክርስትና አይሆንም ብላ በነጭ ነጠላ ብቻ ጠቅልላው ሄደች። ሳምንት ሳይሞላው ሳል ጀመረው፤ ሳንባ ምች ነው ተባለ፣ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ እኔን ማቀፍ ተወች። ፀጉሬን እንኳ የሚሠሩልኝ እማማ አስካለ ነበሩ፤ ሰው ስለ እናቴ ሲጠይቃቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተዉአት፣ ራሷን ትኮንናለች» ይሉ ነበር። መኮነንን የማውቀው ከቄሶች ስብከት ነበር፤ እዚያ ፈራጁ ሌላ፣ ኃጥኡ ሌላ ነው። እናቴ እንዴት ሁለቱንም እንደሆነች ግራ ቢገባኝ አባቴን ጠየቅኩት። ጫማውን እየፈታ «ሰው ሁሉ ይቅር ብሎሽ፣ አንቺ ግን እምቢ ስትይ ነው» አለኝ።

ፋሲካም አለፈ፣ ክረምትም ገባ፣ ጉሙ በራችን ድረስ እየመጣ ይተኛ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በዝናብ ርሼ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ስገባ፣ እናቴ ተስፈንጥራ ተነስታ ባናውን አነሳችና አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቡና ሊጠጡ መጥተው ለነበሩት ለእማማ አስካለ አቀበለቻቸው። «እርስዎ ያልብሷት፣ የኔ እጅ አይሆናትም» አለች። እኔም ባናው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

አምና የመጀመሪያ ልጄን ወስጄ አሳየኋት። እጄን ዘርግቼ ብሰጣት ወደኋላ አለችና «አንቺው ያዣት፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ልያት» አለችኝ፤ ልጅቱን ግን ዓይኗ እስኪቀላ ታያት ነበር። ልጅ ሳለሁ የማትወደኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እየሳሳችልኝ እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም፣ ይሄን ያህል አድጌ፣ ራሴም እናት ሆኜ፣ እቅፏ እስከ ዛሬ ያምረኛል።