አንድ ጥርስ የጎደለው ማርሽ

ጆሮ ያለህ ስማ፤ የሌለህም ካለው ተዋስ! የትምህርት ቤት በር ጠባቂ፣ የአንድ ፊሽካና የአንድ ቆመጥ ባለሙሉ ሥልጣን፣ በገዛ ኮቱ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኘው ቀጭን ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላው የጣለውን ብረት ሁሉ በክብር የሚያነሳ መሆኑን ለሰፊው ሕዝብ ያስታውቃል። ድስትህ የተበሳ፣ አልጋህ የወለቀ፣ በርህ ከማጠፊያው የተፋታ ሁሉ ደስ ይበልህ! ጊዜህ ደርሷል።

እርግጥ እንዲህ ያለ አዋጅ ማንም አላወጀለትም። ራሱ እንዳያውጅ ደግሞ ድምፅ አልነበረውም።

ሰፈሩ “ዳይሬክተሩ” ይለዋል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ሲቆም እውነተኛው ዳይሬክተር እንኳ ጎንበስ ብሎለት ያልፋል። ክብሩ ግን ለምሳ አይሆንም፤ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ያልቃል። የጎደለውን የምትሞላው ታላቅ እህቱ ነበረች። ወፍጮ ቤት አላት። ባሏ መካኒክ ነበር፤ የሠራው ፋብሪካ እንኳ የረሳውን አሮጌ ሞተር ከሞት አስነስቶ፣ ወፍጮ ገጥሞበት፣ ወፍጮውን ለሚስቱና ለሴት ልጆቹ ትቶ ሞተ። ቤቱ በሙሉ የሚበላው ከዚያ ሞተር አፍ ነው። ዳይሬክተሩም ወር በገባና በወጣ ቁጥር ከዚያው አፍ የተረፈ አንድ ጆንያ ዱቄት ይደርሰዋል። እህቱ ዱቄቱን የምትልከው ሰው እንዳያየው አስባ ሲመሽ ነው። ሰፈሩ ግን ጆንያውን ከነተሸካሚው ያውቀዋል።

ይህ ነገር አንድ ቀን አንገቱ ላይ ቆመ።

“እታለም፣ ከእንግዲህ ዱቄት አትላኪልኝ። ሥራ ጀምሬያለሁ” አላት።

“ምን ሥራ?”

“ብረት።”

እህቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። “ብረት ልታነሳ? በዚህ ክንድህ? ተው የኔ ጌታ፣ ብረቱ እንዳያነሳህ!”

“ቁርጥራጭ ነው የምሰበስበው። ከሥራ መልስ፣ ለድጎማ።”

“እሱስ ደግ። ድጎማው እስኪመጣ ግን ዱቄቱን ውሰድ።”

ወሰደ። ነፃነት እንዲህ ነው የሚጀመረው፤ አንድ ጆንያ ተሸክሞ።

በማግስቱ ጋሪ ተውሶ ወጣ። የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ጋሪው ሳይሆን ጉሮሮ ነው፤ “ቆርቆሮ ያለው!” ብሎ ሰፈሩን ከእንቅልፉ የማያባርር ሰው ባዶ ጋሪ ሲገፋ ይውላል። የኛ ሰው ግን የሚያውቁት ሰዎች እንዳይሰሙት በየአጥሩ ሥር እየቆመ ያንሾካሽካል። አንዲት ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ፣ “ወንድሜ፣ የምትፈልገው ቆርቆሮ ነው ሚስጥር? ጠጋ በል እንግዲህ፣ ባሌ እንዳይሰማ!” አለችው። ጎረቤቶቿ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሳቁበት። ያም ሆኖ አዝና ቂጥ የሌለው ማንቆርቆሪያ ሰጠችው። ከዚያ ሌላ ያገኘው አንድ የአልጋ ሽቦ ብቻ ነው።

ብረቱን የሚገዛው ባለ ሚዛን ማንቆርቆሪያውን አንስቶ በቀዳዳው በኩል ዳይሬክተሩን አየው።

“ይሄን ነው ቀኑን ሙሉ ስትገፋ የዋልከው? ስማ ዳይሬክተር፣ እኔ ዘንድ ለመነገድ ሁለት ነገር እወቅ። አንደኛ ክብደት ያለው አምጣ፤ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ እንጂ ሲሸጥ አይጮህም። ሁለተኛ ሙሉ ዕቃ እንዳታመጣብኝ። ሙሉ ዕቃ ባለቤት አለው፤ ባለቤት ደግሞ ፖሊስ አስከትሎ ይመጣል። መጀመሪያ ስበረው። የተሰበረ ነገር የማንም ነው።”

ዳይሬክተሩ ይህን አንቀጽ እንደ ዳዊት ደገመው። በዚሁ አንቀጽ ስንት ማኅበርና ስንት ትዳር እንደፈረሰ የነገረው የለም።

ክብደት ያለው ነገር የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ጓዳ ውስጥ የሟቹ የእንጨት ሳጥን አለ፤ የተጣመመ ዘንግ፣ የተበላ ኩሽኔታ፣ ከሁሉ በላይ ትሪ የሚያህል አንድ ማርሽ፣ ከጥርሶቹ አንዱ ብቻ የወለቀ። ማርሹ ግሪስ ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረበት። ቆሻሻን ግሪስ ቀብቶ በጨርቅ የሚጠቀልል ማን አለ? ዓይኑ ግን ኪሎውን እንጂ ጨርቁን አላየም።

ወፍጮው እያጓራ እህቱ የደንበኛ እህል ስትመዝን፣ “እታለም! ይሄን ውዳቂ ላንሳልሽ?” ብሎ ጮኸ። ለእህቱ ሲሆን ድምፅ አለው።

“ተወው፣ የሱ ነው!” አለችው። በዚያ ጩኸት መሀል ከዚህ በላይ አይባልም።

ዳይሬክተሩ ቃሏን ይዞ ሄዶ ተነተነው። “የሱ ነው” አለች፤ እንግዲህ ሐዘን ነው። እህቴ ከሙት ዕቃ ጋር ተጣብቃ ቀርታለች፤ ከዚህ ሸክም የሚያላቅቃት ወንድም ያስፈልጋታል አለ። ነፃ አውጪ ሁሉ ሥራ የሚጀምረው የማይመለከተውን ጓዳ በመክፈት ነው። ወፍጮው በሚዘጋበት እሑድ ቤቱን የሚጠብቀው እሱ ስለነበር ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሳጥኑን አራግፎ ብረቱን ጋሪው ላይ ጫነ። ጨርቁን ግን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ አኖረው፤ ጨርቅ ብረት አይደለማ!

ማርሹን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ በከባድ መዶሻ ወረደበት። መጀመሪያ እንደ ደወል ጮኸ። ሲደግመው ማርሹ መዶሻውን መልሶ ወረወረው። ከዚያ ተሰነጠቀ፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ደግሞ እንደ ብስኩት ሆነ። ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ፍርስራሹን አየ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጉልበቱ ተሰምቶት አያውቅም።

ባለ ሚዛኑ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። “እሰይ! ይሄ ነው ሥራ!”

በዚያ ሳምንት ዳይሬክተሩ እንደ ሰው እህል ገዝቶ፣ ለእህቱ ደግሞ ሰማያዊ ሻሽ ጨምሮ ወፍጮ ቤት ገባ። ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ፣ “ፍጪልኝ። ሒሳቡም እንደማንኛውም ደንበኛ” አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እህቱ ዱቄት በለበሰ እጇ ዓይኗን ጠረገች። ሻሹን እዚያው አሰረችው። “ባሌ ይሄን ቢያይ!” አለች። ባሏ አለማየቱ በጀው።

ዝናቡ ሲገባ፣ ሰልፉ እስከ መንገድ በወጣበት ቀን፣ ሞተሩ እንደታነቀ ሰው ተንቋርሮ ቀጥ አለ። ብረት የሚቆርጥበት ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ተጠርቶ መጥቶ ሲከፍተው ውስጡ ያለው ማርሽ ጥርስም ገላም አልቀረውም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እህል ሲፈጭ የኖረ ሞተር በመጨረሻ ራሱን ፈጨ።

“ይሄ አልቆለታል፣ እትዬ” አላት ባለሙያው። “መለዋወጫውም አይገኝም። ናሙና ካለ ግን እሱን እያየሁ አዲስ እቆርጥልሻለሁ። ሟቹ የድሮውን አላስቀመጠም?”

“አስቀምጧል እንጂ!” ፊቷ በራ። “ከዚህ በፊት ሲሰበር አዲስ ካስገባ በኋላ አሮጌውን ጠቅልሎ፣ ‘አንድ ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው፤ የሚቀጥለው ሲሰበር ለቶርኖው ይሄን አሳዪው፤ እንዳትጥዪው’ ብሎኛል።”

ወደ ጓዳ ገባች። ዳይሬክተሩ ከሰልፉ ጎን ቆሟል። የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማው። ስትወጣ በእጇ የያዘችው ግሪስ የጠጣ ባዶ ጨርቅ ነበር።

“አንተ… እዚህ ውስጥ የነበረው?”

“እታለም፣ የተሰበረ ነበር እኮ።”

“አንድ ጥርሱ ነው የተሰበረው። ሌላው የት አለ?”

“ሙሉውን አይቀበሉም። ስለዚህ…”

“ስለዚህ ምን?”

“ሰባበርኩት።”

ከሰልፉ አንዱ፣ “እና አሁን እህላችን በምን ሊፈጭ ነው? በዳይሬክተሩ ጥርስ?” አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰልፉ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ወደ ባለ ሚዛኑ ሮጠ። ክምሩ በመኪና ተጭኖ ወደ ማቅለጫው ከሄደ ሰንብቷል። የተረፈውን በእጁ ሲምስ ውሎ ሁለት ጥርስ ያለው አንድ ስባሪ አገኘ። እንደ ታቦት አቅፎት ቶርኖ ቤት ገባ። ባለሙያው አገላብጦ አየው።

“ወንድሜ፣ ይሄ ሁለት ጥርስ ነው። አፉ የት አለ? ገምቼ ብቆርጠው የቀረውን ሞተር ይበላዋል።” ስባሪውን መልሶ እጁ ላይ አኖረለት። “ስንት መዶሻ ፈጀብህ?”

ዳይሬክተሩ ስባሪውን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

እህቱ ብትሰድበው በቀለለው። አልሰደበችውም። ደንበኞቿ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ተሻገሩ፤ እሷ በተዘጋ ቤቷ ደጃፍ ሰማያዊ ሻሿን አስራ ተቀመጠች። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሲመሽ፣ እንደ ድሮው አንድ ጆንያ ዱቄት ወደ ዳይሬክተሩ ቤት መጣ። ጆንያው ያው የድሮው ነው። ዱቄቱ ግን ከማዶው ወፍጮ የተገዛ ነበር።

ያን ጆንያ እስካሁን አልፈታውም፤ በሩ ሥር ቆሟል። ሲወጣም ሲገባም ይሻገረዋል።

ባለ ሚዛኑ ለእህቱ መልእክት ልኳል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሞተሩን መጥቶ ይወስዳል፣ ራሱ ሰባብሮ። እሷም እሺ ብላለች። ዳይሬክተሩ ደግሞ አሁን ድምፅ አውጥቷል። ከሥራ መልስ ያለ ጋሪ፣ ስባሪዋን ይዞ፣ “የአሮጌ ሞተር ማርሽ ያለው!” እያለ በሚያውቀውም በማያውቀውም ሰፈር ሁሉ ይጮሃል። ያቺ ልብስ አጣቢ ሴት እንኳ፣ “አሁንስ ተሰምተሃል፣ ጆሯችንን ተውልን” ብላዋለች። እውነትም ተሰምቷል። በር የከፈተ ግን የለም።

እንግዲህ አንባቢ፣ በሰው ሞኝነት ስትስቅ ቆይተሃልና አንድ ውለታ ዋል። ይህን ወረቀት ከማጠፍህ በፊት አልጋህ ሥር ጎንበስ በል። ትሪ የሚያህል ማርሽ ካገኘህ ዝናቡ ሳያባራ አምጣልን። ባይኖርህም፣ ሌላ ሰው ግሪስ ቀብቶ በጨርቅ የጠቀለለው፣ ለምን እንዳስቀመጠውም ጠይቀኸው የማታውቀው ነገር እዚያ ካለ፣ መዶሻውን ከማንሳትህ በፊት እባክህን…